ሁለት ሳውንድ ካርድ ይዤ ሎጊያ ስወርድ

ኮልፌ ያሉት ጎረቤቶቼ ሎጊያ ሄጄ መምጣቴን ሲሰሙ ግማሾቹ «ጅቡቲ ነው እንዴ?» አሉኝ፤ ግማሾቹ ደግሞ «በዚያ ሙቀት ምን ቀበጠሽ?» ሎጊያ ጅቡቲ አይደለም። ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የአፋር ርዕሰ ከተማ ሰመራ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ያለ፣ ከባድ መኪኖች የሚያድሩበት ከተማ ነው። ምን ቀበጠሽ ለሚለው ግን መልሱ ረዘም ስለሚል፣ እያንዳንዱን ጎረቤት ደጅ ላይ አቁሜ ከምተርክ ጽፌ ብገላገል ይሻላል ብያለሁ።

እንጀራዬ ኪቦርድ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ላይ እጫወታለሁ፤ በሌላው ቀን መኝታ ቤቴ ውስጥ፣ የቁም ሣጥኑን በር ከፍቼ ልብሶቹ ማስተጋባቱን እንዲውጡልኝ እያደረግሁ፣ የመጣውን ሁሉ እቀርጻለሁ። ለሁለቱም ሥራ ሳውንድ ካርድ የሚባል ዕቃ ያስፈልጋል። በአንድ በኩል ማይክና ኪቦርድ ይሰኩበታል፤ በሌላ በኩል ላፕቶፕ ወይም ስልክ። የሚገባውን ድምፅ ተቀብሎ ያስቀርጻል፣ የተቀረጸውን ደግሞ አውጥቶ ለስፒከር ይሰጣል። ያለ እሱ ላፕቶፔ አይሰማም፣ አይናገርም። የድሮዬ በቅርቡ አንድ ሠርግ ላይ፣ ሙሽሮቹ በር ላይ ሲደርሱ ጭስ ለቆ አረፈ፤ ሙሽሮቹም በጭብጨባ ብቻ ገቡ።

መርካቶ ያለው ባለሱቅ ዳዊት የድሮ ደንበኛዬ ስለሆነ ሁለት አወጣልኝ። አንደኛዋ ከሳሙና ማስቀመጫ የማትበልጥ፣ ሁለት መሰኪያ ያላት፣ ኃይሏን በአንድ ቀጭን ገመድ ከስልክ የምትወስድ ናት። ሁለተኛው አራት መሰኪያ ያለው፣ ብረት የለበሰ፣ የራሱን የመብራት ገመድ የሚፈልግ ነው። «ትልቁ አራት ሰው ለየብቻ ይቀርጻል፤ ሙቀት ምን እንደሆነ አያውቅም» አለኝ ዳዊት። «ሁለቱንም ውሰጂና ሞክሪ። ሰኞ አንዱን መልሺልኝ።» እኔ ግን ከሱቁ ሳልወጣ ልቤ ከትልቁ ጋር ሄዷል። ትንሿን የያዝኳት ለይሉኝታ ነው።

የዚያኑ ቀን ማታ ከድጃ ደወለች። ከድጃ ኮልፌ ጎረቤቴ የነበረች የወሎ ልጅ ናት፤ ሎጊያ ወርዳ ሆቴል ከከፈተች ስምንት ዓመት ሆኗታል። እናቷ ከሞቱ ወዲህ አባቷ ሼህ እንድሪስ እሷ ዘንድ ይኖራሉ። ሼህ እንድሪስ መንዙማ ሲያወጡ ሾፌር ከነሻዩ ቆሞ ይቀራል እየተባለ በስልክ ስንቴ ሰምቻለሁ። አሁን ግን ድምፅዋ ሌላ ነበር። በአባቷ ጉሮሮ ውስጥ እብጠት ተገኝቷል፤ እሑድ ደሴ ሆስፒታል ይገባሉ፤ ሐኪሙ ድምፃቸው እንደ ነበረ መመለሱን እንጃ ብሏል። «ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መኪና ይወስዳቸዋል» አለችኝ። «ከዚያ በፊት የሚቀርጽልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ስልክ ላይ ስቀርጸው የጄኔሬተር ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው።» ማክሰኞ ነበር። እመጣለሁ አልኳት።

ረቡዕ

ትንሿን ካልሲ አልብሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። ትልቁን ለማንም አላመንኩትም፤ በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ዓይናቸውን ከጥቅልሉ ላይ አልነቀሉም። በመጨረሻ «ምነው ልጁ፣ አይጠባም?» አሉኝ። ገልጬ የብረቱን ፊት ሳሳያቸው «ወይ ጉድ» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩና እስከ መተሐራ አላናገሩኝም።

የበሰቃን ሐይቅ አልፈን ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲጀምር የሚኒባሱ መስኮት ሁሉ ተከፈተ። ኮልፌ መስኮት የሚከፈተው ንጹሕ አየር እንዲገባ ነው። እዚህ የሚገባው አየር ከውስጡ የባሰ ትኩስ ነው፤ ሰው ግን ይከፍታል።

ከሰዓት በኋላ አዋሽ ሰባት ደረስኩ። ያረፍኩበት አልጋ ቤት ፋን ሦስት ፍጥነት አለው፤ የሚሠራው ግን ትልቁ ብቻ ነው፤ ያውም መብራት ሲኖር። ትልቁን ሳውንድ ካርድ ልሞክረው ብዬ ገመዱን ስፈታ መብራት ሄደ። ጠቅልዬ መልሼው ራት ፍለጋ ወጣሁ። የፍየል ጥብሱ እዚያው እንደ ታረደ ያስታውቃል፤ ኮልፌ በዚያ ሰሐን የሚመጣው ሥጋ ከሽንኩርት ሥር ተፈልጎ ነው የሚገኘው።

ሻይ ልጠጣ አንድ ዳስ ሥር ስቀመጥ አጠገቤ አንድ ሽማግሌ አፋር ነበሩ፤ ሁመድ ይባላሉ። እጄን ጨብጠው አልለቀቁኝም።

«ከየት ተነሣሽ?»

«ከአዲስ አበባ።»

«ስንት ሰዓት? መንገዱ እንዴት ነው? ዝናብ አለ? የቆመ መኪና አየሽ? የታመመ ሰው አለ?»

«ሰላም ነው። ምንም የለም» አልኳቸው፣ እንደ ከተማ ሰው።

ሁመድ ወደ ሻይ ሻጩ ዞረው በአፋርኛ አንድ ነገር አሉ። ሻይ ሻጩ ሳቀ። «ሙሉ ቀን ተጉዛ ምንም ካላየች ዓይኗን ትታከም እያሉ ነው» አለኝ። «ዳጉ ነው እኮ የሚጠይቁሽ።» ያስረዳኝ እንዲህ ነው፦ ሁለት አፋሮች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንም የሰሙትንም ሁሉ ይለዋወጣሉ። የሰማው ሰው ደግሞ ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል። በዚህ መንገድ ወሬ ከመኪና ይቀድማል። ያበላሸ ወይም የዋሸ ሰው ስሙ ይበላሻል።

እሺ ብዬ ከመናኸሪያው ጀመርኩ። ተገልብጦ ያየሁትን የሽንኩርት መኪና፣ አዳማ ላይ የነበረውን ካፊያ፣ ሼህ እንድሪስን ልቀርጽ ሎጊያ መውረዴን፣ ልጁ ለምን አይጠባም ያሉትን ሴትዮ ሳይቀር ተናገርኩ። ሁመድ በያንዳንዱ «ኢሂ» ይላሉ። ስጨርስ የራሳቸውን ሰጡኝ፤ የት ዝናብ እንደ ጣለ፣ የማን ግመል እንደ ጠፋና በየት በኩል እንደ ተገኘ። ከዚያ ወደ ጋቢው ጠቆሙ።

እኔም ጉራዬ መጣ። «ይሄ ሳጥን አራት ጆሮ አለው» አልኳቸው። «አራት ሰው አንድ ላይ ቢጮህ የያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ ያስቀምጣል። ሙቀት የሚባል አይነካውም።»

ሁመድ ሻያቸውን አስቀመጡ። «አይተሻል ወይስ ሰምተሻል?»

ያየሁት ነገር የለም። ዕቃውን አንዴ እንኳ አላበራሁትም። የነገረኝ ዳዊት ነው፤ ዳዊት ደግሞ ሊሸጥልኝ የሚፈልግ ሰው ነው። ግን ሽማግሌው እንደዚያ በአክብሮት እያዩኝ «ሰምቼ ነው» ማለት አሳፈረኝ።

«አይቻለሁ» አልኳቸው።

ሐሙስ

ጠዋት በሚኒባስ ወደ ታች። ገዋኔ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ፤ ትርፍ ጎማውም ሲወርድ የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። አዲስ አበባ ቢሆን ሹፌሩ ላይ ጮኸን፣ ታክሲ ለውጠን፣ ሄደን ነበር። እዚያ የሚጮህበት ጉልበት ያለው ሰው አልነበረም። አንድ የተሳቢ ሹፌር ቆሞ ወደ መኪናው ሆድ ሥር ጠራን፤ ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ፣ የውሃ ጄሪካንና ሚጢጢ የጋዝ ምድጃ ነበረው። ሩዝ ቀቅሎ ስምንታችንንም አበላን። ጎማው ተጠግኖ እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ያህል እዚያ ተኛን። ከእኛ በኋላ ከአዋሽ የተነሣ መኪና ሁሉ በዚያ ሦስት ሰዓት ውስጥ አልፎን ሄደ። ያኔ ነገሩን ልብ አላልኩትም።

ሎጊያ የደረስኩት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። መንገዱን ግራና ቀኝ ተሳቢ ሞልቶታል፤ ከተማው የሚጀምረው ከመኪኖቹ ጀርባ ነው። ከድጃ ስታቅፈኝ አለቀሰች፤ ከዚያ ወዲያው ለምን እንደ ከሳሁ ጠየቀችኝ፤ ኮልፌ እያለችም እንደዚያ ነበረች። በሆቴሏ ግቢ አልጋዎቹ በሙሉ ውጪ ተደርድረዋል። «ክፍል አለ» አለች፣ «ግን ክፍል ውስጥ የሚተኛው አዲስ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ሌሊት።» እኔም ፍራሼን ውጪ አስነጠፍኩ።

ሼህ እንድሪስ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቀጭን ናቸው፤ ጢማቸው ሂና የነካው ነው። ተነሥተው በሁለት እጅ ሰላም አሉኝ፤ ከዚያ በሹክሹክታ፣ «ድምፅ እየቆጠብኩ ነው። ለአንቺ ለዛሬ አሥራ አምስት ቃል መድቤልሻለሁ» አሉ። በጣታቸው ቆጠሩና ፊታቸው ተጨነቀ። «ስምንቱ ሄደ።»

ራት ሙፎ ዳቦ በፍየል መረቅ ነበር። ሙፎው ከምድጃው እንደ ወጣ ይመጣል፤ የሚጋግረው ጀማል የሚባል የወረባቦ ሰው ነው፤ ሰላም ሳይለኝ ሰሐኑን አስቀምጦ ሄደ። «ተቀይሞሽ ነው» አለችኝ ከድጃ።

«እኔን? ዛሬ ገና መምጣቴ ነው።»

«አራት ጆሮ ነው ያለው ብለሻል አሉ። ስለዚህ አባባን ጨምረን አራት ሰው ብቻ መረጥን፤ ሦስት ተቀባይ። ጀማል አምስተኛ ሆኖ ወጣ። ድምፁ ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር።»

ሙፎውን ሰሐኑ ላይ መለስኩት። ከድጃ ቀጠለች፤ ሙቀት ስለማይነካው ነገ ከጁምዓ በኋላ፣ ሁሉም ሰው በሚመቸው ሰዓት፣ አዳራሹ ውስጥ እንዲሆን ወስነዋል። አዳራሹ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው።

«ማነው የነገራችሁ?»

የሆቴሉ ዘበኛ ዓሊ ከበሩ አጠገብ ተነሣ። ረጋ ያለ የአፋር ጎልማሳ ነው። እጁን አጣምሮ እንደ ቃል ጥናት አነበነበው፤ «ሴትየዋ ትናንት ማታ አዋሽ ሻይ ጠጣች። ሳጥን አላት። አራት ጆሮ አለው። አራት ሰው ቢጮህ ለየብቻ ያስቀምጣል። ሙቀት አይነካውም። አይታለች፣ አልሰማችም።» ቀና ብሎ አየኝ። «ሽንኩርቱም ተገልብጧል።»

እውነቱን መናገሪያው ሰዓት ያ ነበር። ሰውየው ግን አንድ ቃል ሳያዛባ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የመጣውን ውሸቴን ሲያስረክበኝ ሙፎዬን መልሼ አነሣሁ። ደግሞም ዳዊት እውነቱን ሊሆን ይችላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ዓርብ

ጠዋት ከተቀባዮቹ አንዱን ለማምጣትና የመብራት ማረጋጊያ ለመግዛት በባጃጅ ሰመራ ሄድኩ። ባጃጁ የተነሣው ገና ሳልጠይቀው ነው። «ባለ አራት ጆሮዋ አንቺ ነሽ?» አለኝ ሹፌሩ። አዎ ስለው በመስተዋቱ እያየኝ ነዳ። ሰመራ መንገዱ ከቦሌም ይሰፋል፤ ሰው ግን ከግድግዳው ጥላ ሥር ካልሆነ አይታይም። ዛፎቹ ገና ትንንሽ ስለሆኑ አንድ ዛፍ ሥር ሁለት የቢሮ ሠራተኛ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይቆማሉ። ማረጋጊያውን የሸጠኝ ወሎዬ ነጋዴ የት ልወስደው እንደሆነ አልጠየቀኝም። «ለሼሁ ከሆነ የማያስተማምነውን አልሰጥሽም» ብሎ የመጀመሪያውን መልሶ ሌላ አወጣልኝ። እንደዚያ ሲያደርግ የባሰ ጨነቀኝ።

ከጁምዓ በኋላ አዳራሹ ገባን። ፋኖቹ ስለሚጮኹ አስጠፋኋቸው። ሼህ እንድሪስና ሦስቱ ተቀባዮች፣ አንደኛው ድቤ ይዞ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ማይክ ፊት ተቀመጡ። ትልቁ ሳውንድ ካርድ መብራቱን ሁሉ አብርቶ እንደ ሙሽራ መኪና ደመቀ። የተቀመጠበት ጠረጴዛ ራሱ ይፋጃል።

ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ ከዚያ ጀመሩ። ስለ ድምፃቸው ብዙ ማለት አልችልም፤ ሠርግ ለሠርግ ስዞር ስንት ድምፅ ሰምቻለሁ፣ ግን ማስተካከያ ቁልፉ ላይ ያለ እጄን የረሳሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ተቀባዮቹ ሲመልሱ ቆርቆሮው አብሮ ይመልሳል። ሁለተኛውን ዙር ሊጨርሱ ሲሉ ጆሮ ማዳመጫዬ ውስጥ እንደ ቆሎ መንጣጣት ጀመረ። የሳጥኑ መብራት አንድ በአንድ ጠፋ። ስነካው እጄን ለበለበኝ።

ከድጃ ምን ሆነ አላለችም፤ ሳጥኑን በፎጣ አፈፍ አድርጋ ሮጠች። ስከተላት ለስላሳ የሚቀዘቅዝበት ፍሪጅ ውስጥ፣ በጠርሙሶቹ መካከል አስተኝታዋለች። እዚያ ሩብ ሰዓት አቆየነው። አውጥተን ስንሰካው በራ፤ ሼሁ እንደገና ጀመሩ፤ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ፍሪጅም ማረጋጊያም አላስነሣውም።

ሼህ እንድሪስ ጉሮሮአቸውን ይዘው ሳሉ። በመሐረባቸው አፋቸውን ጠረጉ። ከድጃ ውሃ ሰጠቻቸውና ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

«ሙቀት አይነካውም ያልኩት ሰምቼ ነው» አልኩ። «አላየሁም። አዋሽ ላይ አይቻለሁ ብዬ ዋሸሁ። ዕቃውን ዛሬ ነው መጀመሪያ ያበራሁት።»

ድቤ የያዘው ሰውዬ ከጉልበቱ አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ዓሊ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ይሳደባል ብዬ ጠበቅሁ።

«ይሄን አሁን አየሽ?» አለኝ።

«አዎ። በዓይኔ።»

«የሚሠራው የትኛው ነው?»

ቦርሳዬን ከፍቼ ትንሿን ከካልሲዋ አወጣሁና ከስልኬ ጋር አገናኘኋት። በማይኩ «ዓሊ» ብዬ ቀረጽኩና ጆሮ ማዳመጫውን ሰጠሁት። ሁለቴ አዳመጠ። «ሁለት ጆሮ» አለ። «ከስልክ ትበላለች። አየሁ።» ከዚያ፣ የተስተካከለውን ለማድረስ ይመስለኛል፣ ወጥቶ ሄደ።

ሼህ እንድሪስ በእጃቸው ጠሩኝ። «ለነገ ሱብሒ ትንሽ ድምፅ አለኝ» አሉ በሹክሹክታ። «አንድ ጊዜ ነው። ሁለት አይደለም። አብሽሪ።» ቃሉን አልቆጠሩብኝም። እኔ ግን አንድ ቃል ሳልመልስላቸው ወጥቼ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ አለቀስኩ። እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሥራው የተጀመረው ከዚያ ነው። አዳራሹን ትተን የከድጃን ዕቃ ቤት መረጥን፤ የሎጊያ ብቸኛው የጭቃ ግድግዳ ያለው ክፍል ነው፣ ጠዋት ይቀዘቅዛል። ከድጃ ወደ ግቢው ወጥታ በአልጋዎቹ መካከል እየዞረች ሾፌሮቹን ፍራሽ ለመነች። ማንም ለምን አላላትም። አስራ አንድ ፍራሽ ግድግዳ ላይ አቆምን፤ ሾፌሮቹ የገመድ አልጋው ላይ እንዲሁ ተኙ። አንዱ ብቻ፣ ጀርባውን እያሸ፣ «ከእኔ ይልቅ ለድምፁ ነው ፍራሽ የሚያስፈልገው?» አለኝ።

ፍራሹ የማይዘው አንድ ነገር ቀረ። ሎጊያ ሱብሒ፣ የንጋቱ ሶላት፣ ከተሰገደ በኋላ መቶ ሞተር ባንዴ ይነሣል። ስለዚህ ዓሊን ጠራሁት። በዚህ ጊዜ ቁጭ ብዬ፣ እጁን ይዤ፣ በሥነ ሥርዓት ነገርኩት። «ሳጥኗ ሞተርና ሰው አትለይም፤ ሞክሬ አይቻለሁ። ሼሁ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚችሉት፤ ከራሳቸው ሰምቻለሁ። ፀሐይ የውሃ ታንከሩን እስክትነካ ሞተር እንዳይነሣ እለምናለሁ።» ዓሊ ደግሞ አስደገመኝና ሄደ።

ቅዳሜ

ሱብሒ ተሰግዶ ሲያበቃ ክፍሉ ገባን። ጆሮዋ ሁለት ብቻ ስለሆነ አንዱን ለሼህ እንድሪስ ሰጠሁ፤ ሌላውን ለተቀባዮቹ በሙሉ። ስለዚህ ማንም በቁጥር የሚወጣ የለም፤ ጀማልም ዱቄት በእጁ ላይ እንዳለ መጣ። ቸግሮኝ የነበረው ድምፃቸውን ማመጣጠን ነው፤ ሼሁ ግን ሳይናገሩ በከዘራቸው አስቀመጧቸው፤ ለስላሳውን ከማይኩ አጠገብ፣ ኃይለኛውን ወደ ኋላ። ጀማልን ወደ ኋላ፣ ከዚያም ወደ ኋላ እያሉ ከደጃፉ ውጪ አደረሱት። «ጀማል ሚሌ ከተማ ቢቆምም ይሰማል» አሉኝ። በዚህ ሥራ ዓመታት ቆጥሬ ከእሳቸው ከዘራ የተማርኩትን ያህል ማንም አላስተማረኝም።

ስልኬ ላይ መቅረጫውን ተጫንኩና ጆሮ ማዳመጫውን ደፋሁ። ያኔ ነው ጸጥታውን የሰማሁት። መቶ መኪና ቆሞ አንድ ሞተር አይሰማም። የበግ ድምፅ፣ የውሃ ጠብታ፣ የሼሁ ትንፋሽ ብቻ።

ሦስት መንዙማ አወጡ። የመጀመሪያው ላይ ድምፃቸው ተሰነጠቀ፤ ፊታቸውን ሳይለውጡ አልፈውት ሄዱ። ሁለተኛው ንጹሕ ነበር። በሦስተኛው ጀማል ከደጅ ሲቀበል የድምፅ መለኪያው መርፌ እስከ ቀዩ ደረሰ፤ አላለፈም። ስቅበዘበዝ ሼሁ አይተውኝ በጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። አሚን ተብሎ ሲያበቃ ቀረጻውን ከፍቼ ለያንዳንዳቸው አሰማሁ፤ ሁሉም አለ። ጀማል ሲሰማ «ይሄ እኔ ነኝ?» አለና በዚያው ታረቀኝ።

ወደ መንገዱ ብወጣ ሾፌሮቹ በየበራቸው ቁጭ ብለው የታንከሩን ጫፍ እያዩ ነበር። ከከተማው መግቢያ፣ በሰርዶ በኩል፣ አንድ ከጅቡቲ የመጣ ተሳቢ ጥጉን ይዞ ቆሟል። ሹፌሩ ሻይ ሊጠጣ በእግሩ መጣ። «ሰርዶ ላይ ነገሩኝ» አለ ተነጫንጮ። «ሼሁ ሳይጨርሱ ሎጊያ በሞተር አይገባም አሉኝ። ጨረሱ ወይ? ሥጋ ጭኜ ቢሆን ኖሮ ሸቶ ነበር።» ፀሐይ ታንከሩን ስትነካ ሁሉም ባንድ ላይ አስነሡና ምድሩ ተንቀጠቀጠ።

ዕቃዬን ልሰበስብ ስመለስ ከድጃ በሩን ከኋላዬ ዘጋች። ክፍሉ ውስጥ እኛ ሦስታችን ብቻ ነበርን።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አለች። «መንዙማውን አገሩ ሁሉ ይወስደዋል። እኔ ሌላ እፈልጋለሁ።»

«ምን?»

«ለሱብሒ ሲቀሰቅሱኝ የሚሉትን።»

ሼህ እንድሪስ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደ። «ነቅተሽ ቆመሽ እንዴት ልቀስቅስሽ?»

ከድጃ፣ የአርባ ሁለት ዓመት ሴት፣ የአስራ አምስት ሠራተኛ አለቃ፣ አንዱን የሾፌር ፍራሽ ከግድግዳው አውርዳ ተኛችበት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔ ማይኩን አስጠጋሁላቸው። አባቷ ጥቂት አዩዋት፤ ከዚያ ቆጥበው ያስቀሩትን ሁሉ አወጡት፤ ጮክ አላሉም፣ ግን ሙሉ ድምፃቸው ነበር።

«ከድጃ። ከድጃ። ተነሺ የኔ ልጅ፣ ሱብሒ ደርሷል። ውሃ ቀድቼልሻለሁ።»

አልተነሣችም። ነጠላው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ማጥፊያውን መጫን ረስቼ ሁለት ደቂቃ ያህል ዝምታ ቀርጫለሁ።

ሁለት ሰዓት ላይ መኪናው መጣ፤ በሚሌ አድርጎ፣ በባቲ ወጥቶ ወደ ደሴ። ሼሁ በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው ለሁሉም አውለበለቡ፤ ዓሊ ከመኪናው ጎን እየሮጠ መንገዱ ምን እንደሚመስል ነገራቸው።

እሑድና ሰኞ

የመልሱ ጉዞ ብዙ የሚወራለት የለም፤ ጎማ አልፈነዳም። ሰኞ መርካቶ ሄጄ ትልቁን ዳዊት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ሙቀት አያውቅም ያልከኝን አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?»

ዳዊት ግራ ገባው። «ካርቶኑ ላይ ተጽፏል» አለኝ።

ትንሿን ያዝኳት። ለሚመርጥ ሰው ምክሬ አጭር ነው፦ መሰኪያ ከመቁጠሩ በፊት ዕቃውን በሚሠራበት ቦታ፣ በሚሠራበት ሰዓት ያብራው። ሠርጎቼን አሁን በትንሿ ነው የምሠራው፤ ከስልክ ስለምትበላ መብራት ሲሄድም አትደነግጥም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከድጃ ደወለች። አባቷ ከሆስፒታል ወጥተው ሎጊያ ገብተዋል። እብጠቱ በሰላም ወጥቷል፣ አልሐምዱሊላህ፤ ይበላሉ፣ ይራመዳሉ፣ ጀማልን በከዘራ ያዝዛሉ። ድምፅ ግን የለም። ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ሐኪሙም ከዚህ በላይ አትጠብቁ ብሏል።

«ታዲያ ለሱብሒ ማን ይቀሰቅስሻል?» አልኩ፣ አፌ ላይ የመጣው እሱ ስለሆነ።

«እሳቸው ናቸዋ» አለችኝ። «ስልኩን ይዘው ይመጡና አልጋዬ አጠገብ ቆመው ይጫኑታል። ውሃውንም ቀድተው።»

«ወዲያው ትነሻለሽ?»

«ከእሳቸው በፊት ነው የምነቃው። ተኝቼ እጠብቃቸዋለሁ» አለች ከድጃ። «ግን ሦስቴ ሳላስደግማቸው አልነሣም።»